በረራ ሲሰረዝና ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የበረራዎ ቀን ተቀይሯል፤ ለመቀበል ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ልጫን?

ቆይ። ያቺ «እቀበላለሁ» የምትል ቁልፍ ቀላል ትምሰል እንጂ ፊርማ ናት። አንዴ ከተጫነች አየር መንገዱ አዲሱን ቀን ፈቅደው እንደተቀበሉ ይመዘግባል። በማግስቱ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ገንዘቤ ይመለስ» ቢሉ እንደማንኛውም በራሱ ፈቃድ ቲኬት እንደሚሰርዝ ሰው ቅጣት ተቆርጦ ነው የሚመለስልዎት፤ ቲኬቱ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ምንም።

መጀመሪያ መልእክቱን ስክሪንሾት ያድርጉት፤ የደረሰበት ቀንና ሰዓት ይታይ። ስንት ቀን ቀድመው እንደነገሩዎት ኋላ ካሳ ሲጠየቅ ዋናው መከራከሪያ እሱ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቲኬት ፒዲኤፍ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ለውጡ ከተመዘገበ በኋላ ድረ ገጹ የሚያሳየው አዲሱን ብቻ ነው።

ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም። አዲሱን ቀን ሳይቀበሉም ሳይቃወሙም ከቀሩ ሲስተሙ «መንገደኛው አልመጣም» ብሎ ሊይዝና የመመለሻውን ጉዞ ጭምር ሊሰርዘው ይችላል።

ታዲያ ምን ምርጫ አለኝ?

በአብዛኛው ሦስት ነው፦ ገንዘብ ማስመለስ፣ በቅርብ በሚገኝ ሌላ በረራ መሄድ፣ ወይም ለራስዎ በሚመች ሌላ ቀን መሄድ። አየር መንገዱ ያቀረበልዎ ቀን ከእነዚህ የአንዱ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ለሰርግ ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ሁለት ቀን ቆይቶ የሚነሳ በረራ ምን ያደርግለታል?

ሲደውሉ «ቀን መቀየር እፈልጋለሁ» አይበሉ። «በረራዬን የሰረዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በዚህ ቀን በዚህ በረራ ቁጥር አስገቡኝ» ይበሉ። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ አይደለም። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ ለውጡን «በመንገደኛው ፈቃድ» ወይም «ያለ መንገደኛው ፈቃድ» ብላ ነው የምትመዘግበው። በመጀመሪያው ከተመዘገበ የዋጋ ልዩነት ይጠየቃሉ። ከመደወልዎ በፊት ክፍት ቦታ ያለበትን በረራ ራስዎ ፈልገው ቁጥሩን ይዘው ይቅረቡ፤ «እስቲ የሚገኝ ካለ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚገኘው ለእነሱ የሚመቸው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለዩ። *ተመላሽ* ማለት የከፈሉት የቲኬት ዋጋ ነው። *ካሳ* ማለት ለደረሰብዎት መጉላላት በሕግ የተቆረጠ ተጨማሪ ገንዘብ ነው። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስቀርም። በአውሮፓ ሕግ አማራጭ በረራውን ተቀብለው ከሄዱም በኋላ ካሳውን መጠየቅ ይችላሉ።

የየትኛው አገር ሕግ ነው የሚመለከተኝ?

ፓስፖርትዎ የየት እንደሆነ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከየት እንደተነሱ፣ ወዴት እንደሚሄዱና አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ ነው።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ ማንኛውም በረራ በአውሮፓው ደንብ ቁጥር 261/2004 ሥር ነው፤ አየር መንገዱ የኢትዮጵያም ይሁን የቱርክ። ወደ አውሮፓ ሲመጡ ግን ደንቡ የሚሠራው አውሮፕላኑ የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄዱ ይሸፈናሉ፣ በዚያው አየር መንገድ ሲመለሱ አይሸፈኑም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ የታተመው የበረራ ቁጥርም አያታልልዎ፤ በሉፍታንዛ ቁጥር ተሸጦ የሚያበርረው ኢትዮጵያ ከሆነ የሚቆጠረው የሚያበርረው አየር መንገድ ነው።

ከዋሽንግተን በፍራንክፈርት አድርገው በአንድ ቲኬት አዲስ አበባ ቢሄዱስ? መነሻም መድረሻም ከአውሮፓ ውጪ ስለሆነ፣ አየር መንገዱ የአውሮፓ ቢሆን እንኳ ደንቡ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከቺሺናው በቪየና አድርጎ ወደ ባንኮክ በሚሄድ መንገደኛ ጉዳይ ላይ እንዲህ ብሎ ወስኗል።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ያንኑ ደንብ በፓውንድ ቀይራ ይዛዋለች። እስራኤልና አሜሪካ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ሲሆን የሞንትሪያል ስምምነት ይቀራል፤ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ከአውሮፓ ስነሳ 600 ዩሮ የሚባለው መቼ ነው የሚከፈለኝ?

መጠኑ በርቀት ነው፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 400፣ ከዚያ በላይ 600። ከፍራንክፈርት፣ ከሮም ወይም ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ከ3,500 ስለሚበልጥ 600 ዩሮ ነው። የሚታሰበው በሰው ነው፤ ራሱን የቻለ መቀመጫ ያለው ልጅም እንደ አዋቂ ይቆጠራል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች 2,400 ዩሮ ማለት ነው። ከሎንደን ከሆነ በሰው 520 ፓውንድ።

መከፈሉን የሚወስነው ስረዛው መቼ እንደተነገረዎት ነው፦

- 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀድመው ከነገሩዎት ካሳ የለም። ተመላሹ ወይም አማራጭ በረራው ግን አለ።
- ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከሆነ፣ አማራጩ በረራ ከ2 ሰዓት በላይ ቀድሞ የማይነሳና ከመጀመሪያው ሰዓት 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚያደርስ ከሆነ ብቻ ካሳው ይቀራል።
- ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ ከሆነ፣ ከ1 ሰዓት በላይ ቀድሞ የማይነሳና 2 ሰዓት ሳይሞላ የሚያደርስ መሆን አለበት።

በተግባር እንየው። ሐምሌ ላይ ማክሰኞ ማታ ከፍራንክፈርት የሚነሳ ቲኬት አለዎት። 10 ቀን ሲቀረው «ወደ ሐሙስ ተዛውሯል» የሚል ኢሜይል ደረሰ። 10 ቀን ከ14 ያንሳል፤ አዲሱ በረራ የሚያደርስዎ ደግሞ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። 600 ዩሮው ይገባዎታል። አየር መንገዱ «ለወኪልዎ ከ20 ቀን በፊት ነግረን ነበር» ቢልም አያመልጥም፤ ወኪሉ ለእርስዎ ካላስተላለፈ የተነገረዎት ያኔ እንዳልሆነ ፍርድ ቤቱ በ2017 ወስኗል፤ ማስረዳትም ያለበት አየር መንገዱ ነው። ስክሪንሾቱን ያስነሳንዎት ለዚህ ነው።

«አልሰረዝንም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው ያሻሻልነው» የሚል መልስም ይመጣል። በረራው ከ1 ሰዓት በላይ *ቀድሞ* እንዲነሳ ከተደረገ እንደ ስረዛ እንደሚቆጠር በ2021 መጨረሻ ተወስኗል። ዘግይቶ ተነስቶ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ካደረሰም እንደ ተሰረዘ በረራ ካሳ አለው።

ሁለት ዝርዝር ነገሮች። ርቀታቸው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ በረራዎች አማራጩ 4 ሰዓት ሳይሞላ ካደረሰዎት አየር መንገዱ ካሳውን በግማሽ መቀነስ ይችላል። ካሳው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ነው የሚከፈለው፤ በቫውቸር የሚሆነው እርስዎ በፊርማ ከተስማሙ ብቻ ነው። በሸባ ማይልስ (በኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች የጉዞ ነጥብ) የተገኘ ቲኬትም እኩል መብት አለው።

«ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት ነው» አሉኝ። በቃ ማለት ነው?

ይህ ዓረፍተ ነገር ሲደርስዎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ለሁሉም የሚላክ ኮፒ ነው። ማዕበል፣ የአየር ክልል መዘጋት፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ፣ የጸጥታ ስጋት በእርግጥም ካሳን ያስቀራሉ። የአውሮፕላን ብልሽት ግን በመርሕ ደረጃ አያስቀርም፤ የሞተርና የዘይት ቧንቧ ጉዳይ የአየር መንገዱ የዕለት ሥራ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ከ2008 ጀምሮ ሲወስን ኖሯል። የራሱ ሠራተኞች ለደመወዝ ያደረጉት አድማም እንዲሁ። «ቦታው ስላልሞላ ሁለቱን በረራ አንድ አደረግነው» ከሆነማ የንግድ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ መልሰው ይጠይቁ፦ *ምክንያቱ በትክክል ምንድን ነው? በየትኛው ቀንና አየር ማረፊያ?* በዚያው ሰዓት የሌሎች አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ከዚያው ማኮብኮቢያ ተነስተው ከነበረ «የአየር ጠባይ» የሚለው ምክንያት ይሳሳል። የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ይህን ለጥቂት ቀናት በነጻ ያሳያሉ፤ በዚያው ቀን ገብተው ስክሪንሾት ይያዙ።

እውነተኛ ከአቅም በላይ ሁኔታ ቢሆንም እንኳ ምግብና ሆቴል አይቀርም። በ2010 የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ አውሮፓን ሲዘጋ ለሳምንት የተቀመጡ መንገደኞች ወጪያቸው እንዲሸፈን ተወስኗል።

ከአሜሪካ ነው የምነሳው። ካሳ አለ?

ለስረዛና ለመዘግየት በሕግ የተቆረጠ ካሳ የለም፤ አለ ብሎ የሚነግርዎ ካለ ተሳስቷል። ጠንካራው መብት ተመላሽ ነው። በ2024 በወጣው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብ መሠረት ወደ አሜሪካ የሚገባም ሆነ ከአሜሪካ የሚወጣ በረራ ከተሰረዘ፣ ወይም መነሻው በ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀደም እንዲል ከተደረገ፣ ወይም መድረሻው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ አማራጩን ካልተቀበሉ ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል። የአገር ውስጥ በረራ ከሆነ 3 ሰዓት ይበቃል። አየር ማረፊያው ከተቀየረ (ከደለስ የነበረው ከኒውዋርክ ከሆነ)፣ መሃል ላይ አውሮፕላን የሚቀየርበት ጣቢያ ከተጨመረ፣ ወይም የመቀመጫው ማዕረግ ዝቅ ካለም እንዲሁ ነው። ቲኬቱ «የማይመለስ» ቢሆንም ለውጥ የለውም።

ጊዜው በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ 7 የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ ለተከፈለ 20 ቀን ነው። ካለፈ ለሚኒስቴሩ በድረ ገጹ አቤት ይበሉ፤ አየር መንገዱ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ይገደዳል። ያ አቤቱታ ከገባ በኋላ ለወር ያልተነሳ ስልክ ሲነሳ አይገርምም።

ከቴል አቪቭስ?

የእስራኤል የአየር አገልግሎት ሕግ የ2012 ነው፤ እዚያ «የቲቢ ሕግ» ይሉታል። ከእስራኤል የሚወጣንም የሚገባንም በረራ ስለሚይዝ በደርሶ መልስ ከአውሮፓው ይሻላል። 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ በረራ እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል። ተመላሽ በ21 ቀን ነው። ካሳው በርቀት ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,000 እስከ 4,500 ኪሎ ሜትር ባለው መካከለኛ እርከን ውስጥ ናት፤ ሕጉ ሲወጣ 2,000 ሸቀል ነበር፣ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ ጨምሯል። የ14 ቀን ማስታወቂያው ነገር እዚህም አለ። ሰንበትን ላለመሻር ተብሎ የተሰረዘ በረራ ካሳ የለውም። አየር መንገዱ መብትዎን እያወቀ ከከለከለ ያለ ጉዳት ማስረጃ ተጨማሪ ቅጣት ሊፈርድ የሚችለው ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚህ መጠን ያለ ጠበቃ የሚኬድበት የአነስተኛ ክሶች ችሎት ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከገልፍ አገር ስነሳ ምንም መብት የለኝም ማለት ነው?

አለዎት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት፤ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌትም ናቸው። ስምምነቱ በዓለም አቀፍ በረራ ዘግይቶ በመድረስዎ የደረሰብዎትን *በማስረጃ የሚታይ* ኪሳራ ያስከፍላል፦ የከሰረ የሆቴል ክፍያ፣ ያመለጠ ሌላ ቲኬት፣ የተቆረጠ ደመወዝ። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 6,303 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ማለትም ከ8,000 ዶላር በላይ ነው። ይህ ጣሪያ ነው እንጂ የሚታደል ገንዘብ አይደለም፤ የ300 ዶላር ደረሰኝ ያለው 300 ይጠይቃል። አየር መንገዱ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነጻ ይወጣል።

ከገልፍ ለሚመለሱ ሠራተኞች ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። የመጨረሻ መውጫ ቪዛ የቀን ገደብ አለው። አዲሱ የበረራ ቀን ከዚያ ካለፈ በካውንተሩ የሚደርሰው ችግር የእርስዎ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱን ቀን ከመቀበልዎ በፊት የቪዛውን ቀን ይዩ፤ ካለፈ «ከዚህ ቀን በፊት አስገቡኝ» ብለው የቪዛውን ኮፒ ያያይዙ። ቲኬቱን አሠሪ ከገዛው ተመላሹ ወደ አሠሪው ነው የሚሄደው። አማራጭ በረራ መጠየቁ ያዋጣል።

ቲኬቱን የገዛሁት ከቲኬት ቢሮ ነው። ማንን ልያዝ?

ሁለቱንም፣ ግን በጽሑፍ። ብዙ ቢሮዎች በቡኪንጉ ላይ የሚያስገቡት የራሳቸውን ስልክና ኢሜይል ነው፤ የስረዛው መልእክት እነሱ ጋ ሄዶ እዚያው ይተኛል። ቲኬት በገዙ ዕለት አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ባለ 6 ፊደሉን የቡኪንግ ኮድ አስገብተው የራስዎን ስልክ ይጨምሩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ።

ቀኑ ተቀይሮልኛል ተብዬ ሄድኩ፤ ቼክ ኢን ላይ ግን ቲኬት የለህም አሉኝ። እንዴት ይሆናል?

ቡኪንግና ቲኬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ። ቡኪንግ ወንበሩን መያዝ ነው፤ ቲኬት ደግሞ የተከፈለበት ማስረጃ፣ 13 አሃዝ ቁጥር ያለው (የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071 ይጀምራል)። ወኪሉ አዲሱን በረራ ቡኪንጉ ላይ አስገብቶ ቲኬቱን እንደገና ሳያወጣው ከቀረ፣ ወንበሩ ሐሙስ ላይ ሆኖ ቲኬቱ አሁንም ማክሰኞን ያሳያል። ድረ ገጹ ላይ «የተረጋገጠ» ይላል፤ ካውንተሩ ላይ ግን ቦርዲንግ ፓስ አይወጣም።

መከላከያው፦ ለውጡ ካለቀ በኋላ አዲስ የኢ-ቲኬት ደረሰኝ ይጠይቁ፤ አዲሱ ቀን ከቲኬት ቁጥር ጋር አብሮ መታተሙን ይዩ። ቡኪንጉን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ከላኩልዎ ሥራው አላለቀም።

አማራጭ ተብሎ የተሰጠኝ በረራ በአውሮፓ በኩል ነው። ልውሰደው?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ መጀመሪያ ትራንዚት ቪዛውን ያጣሩ። ኢትዮጵያውያን ከአየር ማረፊያ ሳይወጡም በሸንገን አገሮች ለማለፍ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች ዜጎች መካከል ናቸው፤ በእንግሊዝም እንዲሁ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ሕጋዊ ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ያለው በአብዛኛው ነጻ ነው፤ የሌለው ግን ካውንተሩ ላይ ይመለሳል። ሌሊት አማራጭ የሚፈልገው ኮምፒውተር ፓስፖርትዎን አያይም። «የትራንዚት ቪዛ ስለሌለኝ በዱባይ ወይም በኢስታንቡል አድርጉልኝ» ብለው ይመልሱት። ሁለት አውሮፓ አየር ማረፊያ የሚያስቀይር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

አዲሱ መነሻ 00:20 ይላል። መቼ ልሂድ?

ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በሚነሱበት አገር ሰዓት ነው። ጁላይ 15፣ 00:20 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20፣ *ለ15 አጥቢያ* ነው፤ ከቤት የሚወጡት በ14 ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ስለሚሆን በ15 ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ አይጠፋም። አውሮፕላኑ የሄደው ትናንት ነው፤ ያ ደግሞ የመንገደኛው ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል።

የመጀመሪያው ቀን ስለተዛወረ ለብቻው የገዛሁት ቀጣይ በረራ አመለጠኝ።

አንድ ቲኬት ከሆነ እስከ መጨረሻው መድረሻ ማድረስ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቅዎትም። ከመጀመሪያው ላይ የሚጠየቀው በሞንትሪያል በኩል፣ በደረሰኝ ነው።

ሆቴል ከለከሉኝና ከኪሴ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ካውንተሩ ላይ ጠይቀው የተከለከሉበትን ማስረጃ ይያዙ፤ በአየር መንገዱ ቻት ላይ አንድ መስመር መጻፍም ይበቃል። ከዚያ መጠነኛ ሆቴል፣ ምግብና ታክሲ ይክፈሉ፤ ዝርዝር ያለው ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ የካርድ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። ቢራና ወይን ከሒሳቡ ይወጣሉ።

ደብዳቤው ምን ይበል?

አጭር ይሁን። ቁጣው ይቅር፤ ቁጥሩ ይብዛ። በአየር መንገዱ የሥራ ቋንቋ የሚከተለውን ይዘት ይጻፉ፦

*«የቡኪንግ ኮዴ ይህ፣ የቲኬት ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የነበረው በረራ ቁጥር ይህ መሰረዙ በዚህ ቀን ተነግሮኛል። መድረሻዬ የደረስኩት በዚህ ቀንና ሰዓት ነው። በደንብ 261/2004 አንቀጽ 7 መሠረት ለ4 መንገደኞች 2,400 ዩሮ፣ ለሆቴልና ለምግብ በተያያዘው ደረሰኝ 180 ዩሮ በዚህ የባንክ ሒሳብ በ14 ቀን ውስጥ እንዲከፈል እጠይቃለሁ። ቫውቸር አልቀበልም።»*

በድረ ገጻቸው ቅጽ ከላኩ የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ጀርመን ውስጥ ሁለት ወር መልስ ከሌለ ለመንገደኛው ነጻ የሆነው አስታራቂ አካል ጋ ይሄዳሉ። የክስ ጊዜው በአገሩ ይለያያል፦ ጀርመን ከዓመቱ ማብቂያ ጀምሮ 3 ዓመት፣ ፈረንሳይ 5፣ እንግሊዝ 6፣ ሆላንድ 2። በሞንትሪያል ግን ከደረሱበት ወይም ሊደርሱበት ከነበረው ቀን 2 ዓመት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ ፈጽሞ አይነሳም።

ካሳ አስመላሽ ድርጅቶችን ልጠቀም?

ሲሶውን፣ ፍርድ ቤት ከሄደ እስከ ግማሹን ይወስዳሉ። ከላይ ያለውን ደብዳቤ ራስዎ ልከው ሁለት ወር ይጠብቁ፤ እምቢ ካሉ ያኔ ይስጧቸው። አንዴ የውክልና ፎርማቸውን ከፈረሙ ግን አየር መንገዱ በቀጥታ ቢከፍልዎም ድርሻቸውን ይጠይቁዎታል።